የፖለቲከኛ «የቤት ገጽታ» ምንድን ነው? የልጆቹ ትምህርት ቤትስ ምን ያገባናል?

ፖለቲከኛ ሁለት ገጽታ አለው። አንደኛው የሥራው ነው፤ ያወጣው ሕግ፣ የሰጠው ድምፅ፣ የገባው ቃል። ሁለተኛው የቤቱ ነው። ማንን አገባ? ስንት ልጆች አሉት? ራሱ የት ተማረ? ልጆቹንስ የት ያስተምራል? እዚህ ጽሑፍ ላይ «የቤት ገጽታ» የምለው ይሄን ሁለተኛውን ነው። ሕጉን ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ ሰው በጣት ይቆጠራል። የቤቱን ወሬ ግን ያልሰማ የለም።

ብዙ ሰው ይሄን ሐሜት ብሎ ያልፈዋል። ግማሹ ሐሜት ነው፣ አልክድም። ሌላው ግማሽ ግን ቁም ነገር አለው። መራጩ የበጀት ሰነድ የሚያገላብጥበት ጊዜ የለውም፤ ልጅ ማሳደግ ግን ያውቃል፣ ትምህርት ቤት መምረጥ እንዴት እንቅልፍ እንደሚነሳ ያውቃል፣ ደሞዝና የትምህርት ክፍያ አልገናኝ ሲሉ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ስለዚህ ሰውየውን በሚያውቀው ሚዛን ይመዝነዋል። ጥያቄው አጭር ነው፤ ለእኛ የወሰነውን እሱ ይኖረዋል ወይ?

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፎቶ ርካሽ ነው

የቤት ገጽታ ለመገንባት ቀላሉ መንገድ ፎቶ ነው። ሚስት፣ ልጆች፣ ውሻ፣ ፈገግታ። በቃ።

በዚህ ጨዋታ ሪቻርድ ኒክሰንን የሚያክል የለም። 1952 ላይ ለአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር፣ ደጋፊዎቹ ካዋጡለት 18 ሺህ ዶላር ጋር በተያያዘ ጉድ ፈላበት። ከእጩነት ሊወርድ ጫፍ ደርሶ ነበር። በቴሌቪዥን ቀረበ፣ ስለ ገንዘቡ ተናገረ፣ ከዚያ ወሬውን ቀስ ብሎ ወደ ቤቱ አስገባው። ባለቤቴ ውድ የፀጉር ካፖርት የላትም፣ የምትለብሰው ተራ የጨርቅ ካፖርት ነው አለ። አንድ ስጦታ ግን ተቀብለናል አለ፤ ቡችላ ነው፣ የስድስት ዓመቷ ልጄ «ቼከርስ» ብላ ስም አውጥታለታለች፣ ልጆቹ ስለሚወዱት ማንም ምንም ቢል አንመልሰውም። ወደ 60 ሚሊዮን ሰው ነው የተመለከተው። ኒክሰን ዳነ። ንግግሩ እስከ ዛሬ የሚጠራው በገንዘቡ ሳይሆን በውሻው ስም ነው።

ጆን ኬኔዲም አለ። ትንሹ ልጁ ከአባቱ የሥራ ጠረጴዛ ሥር ባለችው በር ብቅ ሲል የሚታይበት የ1963 ፎቶ በብዙ ሰው ዓይን ውስጥ አለ። ሲያዩት ልጁ በአጋጣሚ ገብቶ ሲጫወት የተያዘ ይመስላል። እናትየው ዣክሊን ግን ልጆቿ የካሜራ ሲሳይ እንዲሆኑ አትፈልግም ነበር፤ ፎቶግራፈሩ የተጠራው እሷ ለጉዞ በወጣችበት ሰሞን ነው። በጣም ተፈጥሯዊ የሚመስለን ምስል ቀጠሮ ተይዞለት ነበር ማለት ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ፎቶው ዞሮ ባለቤቱን ይነክሳል። 1990 ላይ እንግሊዝ በ«እብድ ላም በሽታ» ስትጨነቅ፣ የእርሻ ሚኒስትሩ ጆን ገመር የበሬ ሥጋ ምንም ችግር የለበትም ለማለት ካሜራ ፊት ለአራት ዓመት ሴት ልጁ በርገር አቀረበላት። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ ለራሴ ልጅ የማልሰጠውን ለእናንተ አልሰጥም። 1996 ላይ መንግሥት ራሱ በሽታው ወደ ሰው ሳይተላለፍ እንዳልቀረ ተናገረ። ሰውየው ሌላ ምን እንደሠራ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በርገሯ ግን አልተረሳችም።

ትምህርት ቤት ላይ ፖዝ የለም

ለካሜራ ብሎ ልጁን ለአምስት ደቂቃ የሚያቅፍ ፖለቲከኛ ሞልቷል። ለካሜራ ብሎ ልጁን ለዓመታት የማያምንበት ትምህርት ቤት የሚልክ ወላጅ ግን ብዙም አይገኝም። ለዚህ ነው ትምህርት ቤት ከሌላው የቤት ወሬ ሁሉ የሚለየው። ምዝገባው እውነተኛ ውሳኔ ነው። ሰውየው ስለ መንግሥት ትምህርት ቤት ያለውን የልቡን እምነት ሳይወድ በግድ ያወጣዋል። ንግግሩን የሚጽፍለት ሰው አለ፤ ልጁን የት እንደሚያስገባ ግን የሚወስነው ራሱ፣ ማታ፣ ከባለቤቱ ጋር ቁጭ ብሎ ነው።

ጂሚ ካርተር ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር፣ የፖለቲካና የገንዘብ ልሂቃን ልጆቻቸውን በግል ትምህርት ቤት ደብቀው የሕዝቡን ትምህርት ቤት ይሸሻሉ ብሎ ተችቶ ነበር። ሲያሸንፍ ሁሉም ሰው የጠበቀው አንድ ነገር ነበር፤ ኤሚ የት ትገባለች? ጥር 1977 ላይ የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ታዲየስ ስቲቨንስ የሚባል የዋሽንግተን የመንግሥት ትምህርት ቤት ገባች። ትምህርት ቤቱ 1868 ላይ ለጥቁር ልጆች የተከፈተ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜም አብዛኛው ተማሪ ጥቁር ነበር። ከቴዎዶር ሩዝቬልት ዘመን ወዲህ እንዲህ ያደረገ ፕሬዚዳንት አልነበረም። ካርተርን የማይወዱትም ቢሆኑ በዚህ ጉዳይ አፋቸውን የሚከፍቱበት ቀዳዳ አጡ።

ከእሱ በኋላ የመጡት ሌላ መንገድ ነው የያዙት። ቢል ክሊንተን 1993 ላይ ሴት ልጁን ሲድዌል ፍሬንድስ የተባለ የግል ትምህርት ቤት አስገባ። የመንግሥት ገንዘብ ለግል ትምህርት ቤት ክፍያ ይዋል የሚለውን ሐሳብ የሚቃወም ሰው ስለነበር፣ ተቃዋሚዎቹ «ለራስህ ምርጫ አለህ፣ ለደሃው ግን የለም» አሉት። ባራክ ኦባማም 2009 ላይ ሁለቱን ልጆቹን እዚያው ላከ። 2010 ላይ በቴሌቪዥን አንዲት ጠያቂ ልጆችህ በዋሽንግተን የመንግሥት ትምህርት ቤት ይሄን ዓይነት ትምህርት ያገኙ ነበር ወይ ስትል ፊት ለፊት ጠየቀችው። በአሁኑ ሁኔታ አያገኙም አለ። ለእኔ ይሄ ጥሩ መልስ ነው። ዙሪያ ጥምጥም አልሄደም። ሰውም ከጠበቅኩት ያነሰ ነው የጮኸበት፤ ምክንያቱም ያለውና ያደረገው ተገጣጥሟል።

የእንግሊዝ በሽታ

ይሄ ጉዳይ እንደ እንግሊዝ የሚያንገበግበው አገር ያለ አይመስለኝም። እዚያ የተማርክበት ትምህርት ቤት የቤተሰብህን መደብ ይናገራል። ሌበር ፓርቲ ደግሞ በመግቢያ ፈተና ተማሪ የሚመርጡ ትምህርት ቤቶችን ሲቃወም የኖረ ፓርቲ ነው።

1996 ላይ የፓርቲው አመራር ሃሪየት ሃርማን ሁለተኛ ልጇን ልክ እንደዚያ ዓይነት ትምህርት ቤት አስገባች፣ ያውም ከምትኖርበት የለንደን ክፍል ውጭ። የራሷ ፓርቲ ሰዎች አበዱ። የፓርቲው መሪ ቶኒ ብሌር «ወንጀል ላይ እንጨክናለን፣ በወንጀል መነሻ ላይም እንጨክናለን» የሚል ታዋቂ መፈክር ነበረው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጆን ሜጀር ፓርላማ ውስጥ ያቺኑ መፈክር ገልብጦ፣ እኔ ደግሞ ግብዝነት ላይ እጨክናለሁ፣ በግብዝነት መነሻ ላይም እጨክናለሁ አለ። ፓርላማው በሳቅ ፈረሰ።

ሃርማንንም ብሌርንም በልጆቻቸው ትምህርት ቤት ምክንያት ከተቹት መካከል የዚያው ፓርቲ የምክር ቤት አባል ዳያን አቦት ነበረች። ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ 2003 ላይ፣ የራሷን ልጅ በዓመት 10 ሺህ ፓውንድ ገደማ የሚያስከፍል የግል ትምህርት ቤት አስገባች። ምን አለች? ይሄ መከላከያ የማይገኝለት ውሳኔ ነው አለች፣ ስለራሷ። ልጁ ራሱ ሬዲዮ ጣቢያ ደውሎ ለእናቱ ተከራከረ። ከዚያ ወዲህ ስሟ በተነሳ ቁጥር ይሄ ነገር አብሮ ይነሳል። ግን ደግሞ ከምክር ቤት መቀመጫዋ አልነቀላትም። መራጮቿ ጥቁር እናት ለወንድ ልጇ ለምን እንደምትፈራ ገብቷቸው ይሆናል። ይሄ የእኔ ግምት ነው።

የሩት ኬሊ ነገር ይለያል። የቀድሞ የትምህርት ሚኒስትር ነበረች። 2007 ላይ የማንበብ ችግር ያለበትን ልጇን ዓመታዊ ክፍያው 15 ሺህ ፓውንድ ወደሆነ ልዩ የግል ትምህርት ቤት አዛወረች። ጋዜጦቹ ጮኹ። የዚህ ዓይነት ልጅ ያለው ወላጅ ግን ሌላ ነገር ነው የጠየቀው፤ እሷ ከፍላ ያገኘችውን እኔ የት ላግኝ? የትምህርት ዘርፉን ትመራው የነበረች ሴት ለልጇ የሚሆን ነገር እዚያው ውስጥ ካላገኘች፣ ችግሩ ከእሷ በላይ ነው። በእኔ አስተያየት ከሁሉም ክርክሮች ጠቃሚው ይሄ ነበር። ግን ቶሎ ተረሳ።

ከአንድ ወር በታች የቆየችው ሚኒስትር

ነገሩ እንዴት እንደሚበላሽ በቅርብ ማየት ከፈለጋችሁ ፈረንሳይን ተመልከቱ። ጥር 2024 ላይ አሜሊ ኡዴያ-ካስቴራ የትምህርት ሚኒስትር ሆነች። ገና በተሾመች ማግስት ሦስቱም ልጆቿ ፓሪስ ውስጥ ስታኒስላስ በተባለ የካቶሊክ የግል ትምህርት ቤት እንደሚማሩ ታወቀ። እስከዚህ ድረስ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ፈረንሳይ ውስጥ ልጁን የግል ትምህርት ቤት የሚያስተምር ባለሥልጣን እሷ የመጀመሪያዋ አይደለችም።

ያበላሸው መልሷ ነው። ጋዜጠኞች ሲጠይቋት የመጀመሪያ ልጇ መጀመሪያ ላይ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገብቶ እንደነበር ተናገረች፤ ነገር ግን መምህራን እየቀሩ ሰዓታት ያለ ተተኪ ይባክኑ ስለነበር ተማረርን አለች። አስቡት። የመምህራን አለቃ ሆና በተሾመች በሁለተኛው ቀን ጥፋቱን መምህራን ላይ ጣለች። የልጁ የቀድሞ መምህርት ደግሞ ለጋዜጣ ቃሏን ሰጠች፤ እኔ አልቀረሁም አለች። ሚኒስትሯ ይቅርታ ልትጠይቅ ወደዚያው ትምህርት ቤት ስትሄድ በጩኸት ተቀበሏት። የካቲት መጀመሪያ ላይ ከትምህርት ሚኒስትርነት ተነሳች። አንድ ወር አልሞላትም።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። የጎዳት የግል ትምህርት ቤቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሳምንት ይረሳ ነበር። ምርጫዋን ለማስረዳት ስትል በየቀኑ እዚያ ገብቶ የሚያስተምረውን ሰው ሰደበች። የቤት ገጽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰነጠቀው እንዲህ ነው፤ ከድርጊቱ ይልቅ ሰበቡ ነው የሚገድለው።

ልጅ ሲበላሽ፣ ልጅ ሲጠቀም

ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ደግሞ ጥያቄው የት ተማረ ሳይሆን እንዴት ገባ ነው። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ እዚያ የሕይወት ጉዳይ ነው። ቾ ኩክ የሕግ ፕሮፌሰር ነበር፤ ስለ ፍትሕና ስለ እኩልነት ሲናገር የሚደመጥ ሰው። 2019 ላይ የፍትሕ ሚኒስትር ሆኖ ሲታጭ፣ ሴት ልጁ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች በአንድ የሕክምና ጥናት ላይ የመጀመሪያ ደራሲ ተብላ ስሟ መውጣቱ ተሰማ። ተማሪዎች አደባባይ ወጡ። ሥልጣኑ ላይ የቆየው 35 ቀን ነው። ባለቤቱ ከሰነድ ማጭበርበር ጋር በተያያዘ ታሰረች፣ እሱም ኋላ ላይ ተፈረደበት።

እዚያው አገር፣ 1997 ላይ፣ ሊ ሆይ-ቻንግ የተባለ እጩ ሁለቱ ወንድ ልጆቹ በክብደት ማነስ ምክንያት ከብሔራዊ ውትድርና ነፃ መሆናቸው ሲታወቅ ድጋፉ ወረደ። ምርጫውን የተሸነፈው ከሁለት በመቶ ባነሰ ልዩነት ነው። ልጁን ወታደር የላከ ወላጅ ይሄን በቀላሉ አይውጥም።

ናይጄሪያ ውስጥ 2022 ላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን ለስምንት ወር ሥራ አቁመው ነበር። ተማሪው ቤቱ ተቀምጦ የፖለቲከኞችን ልጆች የውጭ አገር የምረቃ ፎቶ በስልኩ ያያል። ጋውን፣ አበባ፣ «ኮንግራ» የሚሉ አስተያየቶች። ከዚህ በላይ የሚያንጨረጭር ነገር የለም።

ሰውየው ራሱ የት ተማረ?

የፖለቲከኛው የራሱ ትምህርት ቤትም የገጽታው አካል ነው። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ድሃ ሆኖ ማደግ ይፈልጋል። የ2024ቱ የእንግሊዝ ምርጫ ለዚህ ቲያትር ነበር። ያኔ የሌበር መሪ የነበረው ኪር ስታርመር አባቴ የፋብሪካ መሣሪያ ሠሪ ነበር የሚለውን ነገር ደጋግሞ ከማለቱ የተነሳ፣ በአንድ የቴሌቪዥን መድረክ ላይ ሲናገር ታዳሚው ሳቀ። ነገሩ እውነት ነው፤ ሲደጋገም ግን እውነትም ማስታወቂያ ይመስላል። ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ሪሺ ሱናክ ደግሞ ዊንቸስተር በተባለው ውድ የግል ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ነው። ልጅ እያለህ ምን አጥተህ ታውቃለህ ተብሎ ሲጠየቅ ዙሪያውን ዞረና የክፍያ ቴሌቪዥን ብሎ መለሰ፤ ወላጆቼ ለትምህርቴ ሲሉ ስካይ ቲቪ አላስገቡም ነው ነገሩ። አቤት የተቀለደበት! የወላጆቹ መስዋዕትነት እውነት ሊሆን ይችላል፣ ግን ረሃብ ለሚያውቅ ሰው እንዲህ አይመለስም።

ዲግሪም ያጋልጣል። የጀርመን የትምህርትና የምርምር ሚኒስትር የነበረችው አኔተ ሻቫን፣ የመከላከያ ሚኒስትሩ የዶክትሬት ጽሑፉን ገልብጧል ተብሎ 2011 ላይ ሲዋረድ፣ የማፍረው በድብቅ ብቻ አይደለም ብላ ነበር። 2013 ላይ የእሷን ዶክትሬት ዱሰልዶርፍ ዩኒቨርሲቲ ሰረዘው። በቀናት ውስጥ ከሥልጣኗ ለቀቀች።

ሴት ከሆነች ፈተናው ሌላ ነው

ይሄን ሳልናገር ባልፍ ነውር ነው። ወንድ ፖለቲከኛ ልጆች ካሉት «የቤተሰብ ሰው» ይባላል፣ ከሌሉት ማንም አይጠይቀውም። ሴቷ ከሌሏት ስለ ሕዝብ ልጆች ምን ታውቃለች ይባላል፣ ካሏት ደግሞ ልጆቿን ለማን ትታ ነው? አውስትራሊያዊቷ ጁሊያ ጊላርድ ሆን ብላ መካን ሆናለች ተብላ በአንድ ሴናተር ተሰድባለች። 2005 ላይ ኩሽናዋ ውስጥ ተነስታ ጠረጴዛው ላይ ያለው የፍራፍሬ ሳህን ባዶ መሆኑ ራሱ መወያያ ሆኖ ነበር። ሳህን!

ኒውዚላንዳዊቷ ጀሲንዳ አርደርን 2017 ላይ የፓርቲ መሪ በሆነች በሰዓታት ውስጥ ቴሌቪዥን ላይ መውለድ ታስቢያለሽ ወይ ተብላ ተጠይቃለች። በዓመቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆና ወለደች፤ በሥልጣን ላይ ሳለች በመውለድ ከፓኪስታኗ ቤናዚር ቡቶ ቀጥላ ሁለተኛዋ መሆኗ ነው። ሕፃኗን ይዛ የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ ስትታይ ዓለም አጨበጨበ። በተቃራኒው እንግሊዛዊቷ አንድሪያ ሌድሰም 2016 ላይ ልጅ ከሌላት ከቴሬዛ ሜይ ጋር ለጠቅላይ ሚኒስትርነት ስትወዳደር፣ እናት መሆኔ በአገሪቱ የወደፊት ዕጣ ላይ ድርሻ ይሰጠኛል የሚል ነገር ተናገረች። በሁለት ቀን ውስጥ ይቅርታ ጠይቃ ከውድድሩ ወጣች። እናትነትን ማሳየት ያዋጣል። መሣሪያ ማድረግ ግን ያስነቅፋል። መስመሩ ቀጭን ነው።

መደበቅስ አይቻልም?

ይቻላል፣ ግን ዋጋ አለው። ጎርደን ብራውን ልጆቼ የመድረክ ዕቃ አይደሉም፣ ሰዎች ናቸው ብሎ ከካሜራ አርቋቸው ነበር። ሕዝቡ ሰውየውን ደረቅ አድርጎ ነው የሚያየው። 2010 ላይ ከጠቅላይ ሚኒስትርነት ሲሰናበት ብቻ ከባለቤቱና ከሁለቱ ልጆቹ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲወጡ ታዩ፣ ያኔ ሰው «እንዴ፣ እንዲህ ነው እንዴ?» አለ። ምርጫው አልፏል።

ብሌር ደግሞ 2001 መጨረሻ ላይ ከባድ ነገር ገጠመው። መንግሥቱ ወላጆች ልጆቻቸውን የኩፍኝ ክትባት እንዲያስከትቡ ይለምናል። ትንሹ ልጅህ ሊዮ ተከትቧል ወይ ሲባል የቤተሰቤ ጉዳይ ነው አለ። ከመርህ አንጻር ልክ ነው። ግን በክትባቱ ላይ ጥርጣሬ በነገሠበት ሰዓት ዝምታው ራሱ ወሬ ሆነ። ከዓመታት በኋላ ባለቤቱ ልጁ ተከትቦ እንደነበር ተናገረች።

እኔ የምይዘው መስመር ይሄ ነው። የልጁ ውጤት፣ የልጁ ጓደኛ፣ የልጁ ጥፋት አያገባንም። ሕፃኑ ለምርጫ አልተወዳደረም። ወላጁ ግን በዚያው ጉዳይ ላይ ለሌሎች ሕግ የሚያወጣ ከሆነ፣ ወይም ልጁን ራሱ ለቅስቀሳ ያወጣው ከሆነ፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። የልጁን ስም ሳይጠሩም መጠየቅ ይቻላል።

ሕንድ ውስጥ ፍርድ ቤት ነገሩን በትዕዛዝ ሊፈታው ሞክሯል። 2015 ላይ የአላሃባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በኡታር ፕራዴሽ ግዛት ከመንግሥት ደሞዝ የሚበሉ ባለሥልጣናትና የሕዝብ ተመራጮች ልጆቻቸውን በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲያስተምሩ አዘዘ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የእነሱ ልጅ እዚያ ከገባ ጣሪያው ይጠገናል። ትዕዛዙ ግን በተግባር አልተተረጎመም።

አሁን ደግሞ ጨዋታው ከፖለቲከኛው እጅ እየወጣ ነው። ድሮ የትኛው ፎቶ እንደሚወጣ የሚወስነው አማካሪው ነበር። ዛሬ ልጁ ራሱ ስልክ አለው። መስከረም 2025 ላይ ኔፓል ውስጥ ወጣቶች የባለሥልጣናት ልጆች ራሳቸው የለጠፉትን የቅንጦት ልብስ፣ የመኪናና የሽርሽር ምስል እየሰበሰቡ ከተራው ወጣት ኑሮ ጎን ለጎን ቲክቶክ ላይ ይለቁ ነበር። መንግሥት 26 የማኅበራዊ ሚዲያ መድረኮችን ሲዘጋ ቁጣው ገነፈለ። ብዙ ሰው ሞተ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኬ ፒ ሻርማ ኦሊም በቀናት ውስጥ ሥልጣን ለቀቀ። ምስሎቹን ያወጣቸው ጋዜጠኛ ወይም ተቃዋሚ ፓርቲ አልነበረም። ለጓደኞቻቸው ለማሳየት ብለው የለጠፏቸው ልጆቹ ነበሩ።